ዝሆኔን በ422 ሰው ማጥናት

በኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው 422 የምትባለውን ቁጥር ያውቃታል። የሚጠናው ችግር ስርጭት በውል ካልታወቀ 50 በመቶ ነው ተብሎ ይያዛል፤ የስህተት ህዳጉ 5 በመቶ ይደረጋል፤ ቀመሩ 384 ያወጣል፤ ፈቃደኛ ላልሆኑት 10 በመቶ ይታከልና 422 ትመጣለች። ርእሱ የክትባት ሽፋን ይሁን የደም ግፊት፣ የቤተሰብ ዕቅድ ይሁን የመጸዳጃ ቤት አጠቃቀም፣ ቁጥሯ ተሰፍታ እንደተቀመጠ ልብስ ከመደርደሪያ ትነሳለች። ለብዙ ጥያቄ ልኩ ነው። እግርን ለሚያሳብጠው በሽታ፣ ለዝሆኔ ግን ጠባብ ነው።

ሒሳቡ አጭር ነው። በ2013 በተካሄደው አገር አቀፍ ዳሰሳ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፖዶኮኒዮሲስ የተባለው የዝሆኔ ዓይነት በአዋቂዎች ላይ የነበረው ስርጭት 4 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል። 422 ሰው ቢመረመር 17 ሕሙማን ይገኛሉ ማለት ነው። 17ቱን በጾታ፣ ከዚያ መሬት ባላቸውና በሌላቸው፣ ከዚያ በበሽታው ደረጃ ሲከፋፍሏቸው በየሳጥኑ ሁለት ሦስት ሰው ይቀራል። ሶፍትዌሩ የሚሰጠው መልስ ያኔውኑ የታወቀ ነው፦ «ጉልህ ልዩነት አልታየም»። አቅም ያልነበረው ጥናት ልዩነት አላየም ማለት ልዩነት የለም ማለት አይደለም። ሪፖርቱ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ሲደርስ ግን «ሴቱም ወንዱም፣ ያለውም የሌለውም እኩል ነው» ተብሎ ይነበባል።

ስለ ጤናና ማኅበራዊ ፍትሕ በሚደረግ ውይይት ትልልቅ ቃላት አይጠፉም። ፍትሑ የሚጓደለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ማንም በማይከራከርባቸው ትንንሽ ውሳኔዎች ነው፤ የናሙና ብዛት፣ መረጃ የሚሰበሰብበት ወር፣ ከአንድ ቤት ማን እንደሚመረመር፣ አንዲት ቃል በአማርኛ ወይም በወላይትኛ እንዴት እንደተተረጎመች። ከዝሆኔ የተሻለ ይህን የሚያሳይ በሽታ ማግኘት ይከብዳል።

አፈሩና እግሩ

ፖዶኮኒዮሲስ ተላላፊ አይደለም። ትልም፣ ባክቴሪያም፣ ቫይረስም አያመጣውም። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረ ቀይ ሸክላማ አፈር ለዓመታት በባዶ እግር ሲረገጥ ደቃቅ የማዕድን ቅንጣቶች ቆዳን አልፈው ይገባሉ። ተፈጥሮው ለዚህ በሚሳሳ ሰው ላይ የሊምፍ ቱቦዎችን እያስቆጡ ያጠብባሉ፤ እግር ያብጣል፣ ቆዳ ይሻክራል፣ እባጭ ያወጣል። «እግር» እና «አቧራ» ከሚሉ የግሪክ ቃላት ስሙን ያወጣለት እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። ዝሆኔ ሁሉ ከፊላሪያ ትል እንደማይመጣ፣ የደጋው ዝሆኔ ከአፈር ጋር እንደተያያዘ በተለይ በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ባደረጋቸው ጥናቶች አስረግጧል።

በሽታው የሚገኘው ባብዛኛው ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ በሚያገኝ ቦታ ነው። ሌላ አባባል ካስፈለገ፣ መሬቱ ለእርሻ መልካም በሆነበትና ገበሬው ጥቅጥቅ ብሎ በሰፈረበት። በ2013ቱ ዳሰሳ በ659 ወረዳዎች የሚገኙ 1,315 መንደሮች ተዳርሰው 129,959 ሰዎች ተመርምረዋል። ከበደ ደሪቤና ባልደረቦቹ ውጤቱን ከአየር ንብረትና ከአፈር መረጃ ጋር አቀናጅተው እንዳሰሉት፣ 34.9 ሚሊዮን ሰው ለበሽታው በሚመች አካባቢ ይኖራል፤ 1.5 ሚሊዮን ያህል አዋቂዎችም ከበሽታው ጋር ይኖራሉ። የኋለኛው ግምት ክልሉ እጅግ ሰፊ ነው፤ ከ300 ሺህ በታች ተነስቶ ከ4.5 ሚሊዮን በላይ ይደርሳል። አማካዩን ብቻ እየጠቀሱ ክልሉን መተው ልማድ ሆኗል። ክልሉ ግን ራሱ መረጃ ነው፤ ይህን ያህል ሕዝብ የሚነካ በሽታ ላይ ይህን ያህል ትንሽ እናውቃለን ማለት ነውና።

ፕራይስ ያስተዋለው ሌላ ነገርም አለ። በሽታው በአንድ ወቅት በሞሮኮ፣ በአልጄሪያ፣ በቱኒዚያ፣ በካናሪ ደሴቶች፣ በአውሮፓም በአየርላንድ፣ በስኮትላንድና በፈረንሳይ ነበር። ከእነዚህ ቦታዎች የጠፋው በመድኃኒት አይደለም። ሰዉ ጫማ የማድረግ አቅም አገኘ፣ ከባዶ እግር እርሻ ራቀ፤ በሽታውም ደብዛው ጠፋ። ስለዚህ ዛሬ አንድ ወረዳ ላይ ዝሆኔ በብዛት ካለ፣ ካርታው የአፈር ብቻ ሳይሆን የድህነትም ካርታ ነው።

ቁጥሩን እንደገና

4 በመቶ የሚሆንን ነገር በ5 በመቶ የስህተት ህዳግ መለካት ትርጉም የለውም፤ ውጤቱ ከዜሮ በታች እስከ 9 በመቶ የሚዘልቅ ነገር ይሆናል። ህዳጉ ወደ 1 በመቶ ሲጠብ ቀመሩ 1,476 ሰው ይጠይቃል። ናሙናው በጎጥ በጎጥ ተመርጦ የሚወሰድ ከሆነ ደግሞ (በገጠር ከዚህ ሌላ መንገድ የለም ማለት ይቻላል) በአንድ ጎጥ ያሉ ሰዎች አንድ አፈር የሚረግጡ፣ ብዙ ጊዜም ዘመዳሞች ስለሆኑ እርስ በርስ ይመሳሰላሉ። ይህን ለማካካስ ዲዛይን ኢፌክት የሚባለው ማባዣ ቢያንስ 2 ይያዛል፤ 2,952 ይሆናል። 10 በመቶ ሲታከል 3,247። በዚህ ናሙና ወደ 118 የሚጠጉ ሕሙማን ቢገኙ ነው፤ በ118 ሰው ደግሞ በጥንቃቄ አንዳንድ ንጽጽር ማድረግ ይቻላል።

ለማስተርስ ተማሪ 3,247 ሰው ከባድ መሆኑ አይካድም። አበሉ፣ ትራንስፖርቱ፣ ጊዜው አይበቃም። መውጫው ግን 422ን ይዞ የማይመለስ ጥያቄ መጠየቅ አይደለም፤ ጥያቄውን መቀየር ነው። ስርጭትን ትቶ የታወቁ ሕሙማንን ከጤነኛ ጎረቤቶቻቸው ጋር ማነጻጸር ይቻላል፤ በጥቂት መቶ ሰዎች ብዙ ነገር ይወጣል። በሰሜን ኢትዮጵያ በዚህ መንገድ የተሠራ ጥናት 269 ሕሙማንን ከ145 ጤነኛ ጎረቤቶቻቸው ጋር አስተያይቶ፣ የድብርት ምልክት ከሕሙማኑ በ12.6 በመቶው፣ ከጎረቤቶቹ በ0.7 በመቶው ላይ አግኝቷል። ለዚያ ውጤት 3 ሺህ ሰው አላስፈለገም።

እግሩን ሳያዩ መቁጠር

ቁጥሩ ከተስተካከለ በኋላ ያለው ወጥመድ ቤት ውስጥ ነው። በአብዛኞቹ ጥናቶች ከአንድ ቤት አንድ ሰው ይጠየቃል፤ ባብዛኛው አባወራው ወይም እማወራዋ። በሽታው ግን ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በአሥራዎቹና በሃያዎቹ ዕድሜ ነው፤ ትዳር የሚያዝበትን ዕድሜ ጠብቆ። ታማሚዋ ሳታገባ ቀርታ ወይም ተፈታ ተመልሳ በወላጆቿ ወይም በወንድሟ ቤት ጓዳ የምትኖር ልትሆን ትችላለች። «የቤቱን ኃላፊ ጠይቁ» የሚል መመሪያ እሷን ከናሙናው ያወጣታል፤ ያወጣት መሆኑም በየትኛውም ሠንጠረዥ ላይ አይታይም። ትክክለኛው አሠራር በቤቱ የሚያድር ሰው ሁሉ በስም ተዘርዝሮ፣ 15 ዓመት የሞላው ሁሉ እግሩ እንዲታይ ማድረግ ነው። ጊዜ ካጠረ ከዝርዝሩ በዕጣ ይመረጣል።

«ቤታችሁ ውስጥ እግሩ ያበጠ ሰው አለ?» ብሎ መጠየቅም አያስኬድም። ለነውር በቀረበ ነገር ላይ ሰው የሚመልሰው ለእንግዳ እንደሚመልሰው ነው። ደግሞ የመጀመሪያው ደረጃ ሰውየው ራሱ እንደ በሽታ የማይቆጥረው ነው። በኢትዮጵያ ለፖዶኮኒዮሲስ የተዘጋጀው የደረጃ አከፋፈል አምስት ነው። በደረጃ 1 እብጠቱ ሌሊት ተኝተው ሲነሱ ይጠፋል። በደረጃ 2 ከጉልበት በታች ያለው እብጠት ሌሊት ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፣ እባጭ ካለም ከቁርጭምጭሚት በታች ነው። በ3 እባጩ ከቁርጭምጭሚት በላይ ይወጣል። በ4 እብጠቱ ከጉልበት ያልፋል። በ5 መገጣጠሚያው ራሱ ይደርቃል። እንግዲህ መረጃ ሰብሳቢው ሰው ወደ እርሻ ሳይወጣ ለማግኘት ብሎ ማልዶ ከሄደ ደረጃ 1ን አያገኘውም፤ እብጠቱ ገና አልተመለሰም። በእንክብካቤ ብቻ ወደ ኋላ ሊመለስ የሚችለው ደግሞ ይኸው የመጀመሪያው ደረጃ ነው። ለዚህ ነው ምርመራውን ወደ ከሰዓት በኋላ ማድረግ፣ ወይም ማታ ማታ እብጠት መኖሩን ለይቶ መጠየቅ የሚያስፈልገው።

መንገድ መሪው ሌላው ችግር ነው። የቀበሌው መሪ ተመራማሪውን የሚወስደው መኪና እስከሚደርስበት፣ ከዚያም ትንሽ እልፍ ብሎ ነው። ገደል ማዶ ያለው ጎጥ «ሰው የለበትም፣ ሁሉም ለቅሶ ሄዷል» ይባላል። ዝግ ሆኖ የተገኘ ቤት ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ አንዱን በሌላ የሳምንት ቀን፣ ተመልሶ መታየት አለበት። በገበያ ቀን ሁሉም ቤት ዝግ ነው፤ ሆኖም ወደ ገበያ መሄድ የተወ ታማሚ የሚገኘው በዚያው ቀን ሊሆን ይችላል።

ምርመራው ራሱ ውስብስብ መሣሪያ አይፈልግም፤ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። ፖዶኮኒዮሲስ ከእግር መዳፍ ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፣ ባብዛኛው ሁለቱንም እግር ይይዛል፣ እኩል ግን አይደለም፣ ከጉልበት በላይም እምብዛም አያልፍም። በትል የሚመጣው ሊምፋቲክ ፊላሪያሲስ ብዙ ጊዜ በአንድ እግር ይጠናል፣ ወደ ጭንና ብሽሽት ያደላል፣ በወንዶች የብልት ከረጢት ሊያሳብጥ ይችላል። ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም የትሉ ምልክት በፈጣን መመርመሪያ ይታያል፤ ነገር ግን ትሉ ሞቶ እብጠቱ የቀረ ሰው ላይ «የለም» ሊል ስለሚችል የምርመራው ውጤት ብቻውን አይፈርድም። የመደንዘዝ ስሜት ካለ ሥጋ ደዌ ይታሰባል። ሁለቱም እግር ለስላሳ ሆኖ ካበጠና ጣት ሲጫነው ከጎደጎደ የልብና የኩላሊት ሕመም ይጣራል።

«ያልተማረ» የተባለ ምክንያት

የመመረቂያ ጽሑፎቻችን ውጤት ክፍል አንድ መልክ አለው። ሎጂስቲክ ሪግሬሽን የሚባለው የስታቲስቲክስ ትንተና ይሠራል፤ በመጀመሪያው ዙር ፒ ቫልዩው ከ0.25 በታች የሆነ ሁሉ ወደ ሁለተኛው ያልፋል፤ ከዚያ «ያልተማረ መሆን»፣ «ገበሬ መሆን»፣ «ዝቅተኛ ገቢ» እና «ጫማ አለማድረግ» ተዛማጅ ምክንያቶች ሆነው ይወጣሉ። ምክረ ሐሳቡ ደግሞ ሁልጊዜ ያው ነው፦ ለማኅበረሰቡ ግንዛቤ ይሰጥ።

ይህ መንገድ ሁለት ነገር ያበላሻል። አንደኛው የምክንያትና የውጤት ቅደም ተከተል ነው። ዝቅተኛ ገቢ በሽታውን አመጣው ወይስ በሽታው ገቢውን አወረደው? በ2006 የወጣ ጥናት በወላይታ ዞን ያሉ ሕሙማን ከዓመቱ የሥራ ቀናት 45 በመቶውን እንደሚያጡ፣ 1.5 ሚሊዮን ሰው ለሚኖርበት ዞን ኪሳራው በዓመት ከ16 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር እንደሚበልጥ አስልቷል። የሥራ ቀኑን ግማሽ ያህል ያጣ ሰው ድሃ ሆኖ ቢገኝ አያስደንቅም። በአንድ ቀን የተሰበሰበ መረጃ ይህን ሊለይ አይችልም። ቢያንስ በሽታው ሲጀምር ቤተሰቡ ስንት ጥማድ በሬ፣ ምን ያህል መሬት እንደነበረው መጠየቅ ይቻላል፤ ሰው በሬውን የሸጠበትን ዓመት አይረሳም።

ሁለተኛው የሀብት መለኪያው ነው። ብዙዎች ለአገር አቀፍ ጥናቶች የተዘጋጀውን የንብረት ዝርዝር እንዳለ ይገለብጡታል። ቴሌቪዥን፣ ማቀዝቀዣ፣ መኪና የሚሉ ጥያቄዎች አንድ የገጠር ቀበሌ ላይ ለሁሉም «የለም» ይሆናሉ፤ ሁሉም በአንድ ቋት ይገባል፤ ልዩነት የለም ይባላል። የገጠርን ልዩነት የሚያሳየው ጣሪያው ቆርቆሮ ነው ወይስ ሣር፣ በሬ አለው ወይስ በመጋዞ ያርሳል፣ መሬቱ ስንት ገመድ ወይም ጥማድ ነው፣ ማዳበሪያ በራሱ ገዛ ወይስ በብድር፣ እህሉ እስከ ሰኔ ያደርሰዋል ወይስ በየካቲት ያልቃል የሚሉት ናቸው። የመጨረሻዋ ጥያቄ ብቻዋን ከአሥር ንብረት የበለጠ ትናገራለች።

ስለ ጫማም ያው ነው። «ጫማ ያደርጋሉ?» ለሚል ጥያቄ እንግዳ ፊት መልሱ «አዎ» ነው፤ ለእንግዳው ሲባል ጫማው ተደርጎም ሊሆን ይችላል። በወላይታ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት ጫማ ለገበያ፣ ለአምልኮ፣ ለለቅሶና ለሠርግ ይወጣል፤ ለእርሻ ግን ይወልቃል። ምክንያቱ ግንዛቤ ማነስ ብቻ አይደለም። ጭቃ ይይዘዋል፣ ርካሹ የፕላስቲክ ጫማ ይሞቃል ያንሸራትታል፣ አንድ ጥንድ ብቻ ያለው ሰው ደግሞ እርሻ ላይ ቢጨርሰው ለቅሶ የሚደርስበት ያጣል። እግሩ ያበጠ ሰው ሱቅ ውስጥ ልኩን አያገኝም፤ በትዕዛዝ የሚሰፋ ጫማ ያስፈልገዋል። ስለዚህ መጠይቁ በስንት ዓመቱ መጀመሪያ ጫማ እንዳደረገ፣ ትናንት ሲያርስ ወይም ሲያርም እግሩ ላይ ምን እንደነበረ፣ ስንት ጥንድ እንዳለው፣ ልኩ መገኘቱን መጠየቅ አለበት። እነዚህ ከሌሉ «ግንዛቤ ይሰጥ» የሚለው ምክረ ሐሳብ ጫማ መግዛት ያልቻለን ሰው መውቀስ ነው።

«በዘር ነው» የምትለዋ ቃል

አንድ አፈር እየረገጡ አንዱ የሚታመመው ሌላው የማይታመመው ለምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ተመራማሪዎችን ወደ ዘረመል ወሰዳቸው። በወላይታ ቤተሰቦች ላይ የተሠራ ትንተና ከተጋላጭነቱ 63 በመቶው በውርስ እንደሚገለጽ፣ የታማሚ ወንድም ወይም እህት ከሌላው ሰው አምስት እጥፍ ያህል ስጋት እንዳለበት አሳየ። በ2012 ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቹ ከበሽታ መከላከል ሥርዓት ጋር የተያያዘ የዘረመል ክፍል (ኤች ኤል ኤ) ከተጋላጭነቱ ጋር መገናኘቱን አረጋገጡ።

ሳይንሱ ጥሩ ነው። አደጋው ቃሉ ላይ ነው። በአማርኛ «በዘር ይተላለፋል» ማለት ለትዳር ጠያቂ ሽማግሌ የሚሰጥ መልስ ነው፤ የጤነኛዋን እህትም ዕድል ይዘጋል። ለዚህ ነው ከዘረመል ጥናቱ ደም መሰብሰብ በፊት በወላይታ የተደረገው አጭር የሥነ ምግባር ቅድመ ዳሰሳ ትኩረት የሚገባው። ተመራማሪዎቹ የፈቃድ ቅጹን ይዘው ከመውረዳቸው በፊት ሕሙማንን፣ ጤነኞችን፣ የማኅበረሰብ መሪዎችንና የመስክ ሠራተኞችን አነጋገሩ። ሰዉ የፈራው ዋናው ነገር መርፌው አልነበረም፤ ጥናቱ ቤተሰቡን «የዝሆኔ ዘር» ብሎ እንዳይፈርጅ ነበር። ከማያውቁት ተመራማሪ ይልቅም ለዓመታት እግር ሲያጥብላቸው የነበረን የአካባቢ ድርጅት ሠራተኛ እንደሚያምኑ ታየ። የፈቃድ ሒደቱ በዚህ መሠረት ተቀየረ።

ለተማሪ የሚሆነው ትምህርት እጅግ ተግባራዊ ነው። እንዲህ ያለ ዳሰሳ የጥቂት ሳምንት ሥራ ነው፤ አሥራ አምስት ሃያ ቃለ መጠይቅና ሦስት አራት የቡድን ውይይት ይበቃዋል። ጥያቄዎቹ ጥቂት ናቸው፦ እዚህ አካባቢ ፈቃድ የሚሰጠው ማን ነው፣ ሚስት ባሏ ሳይጠየቅ እሺ ብትል ምን ይከተላል፣ ፊርማ ምን ያስፈራል፣ ይህን በሽታ ሳያስነውር የሚጠራው ቃል የትኛው ነው። ፊርማን በተመለከተ ገጠር ውስጥ ወረቀት ላይ የጣት አሻራ የሚደረገው ለብድር፣ ለመሬትና ለክስ ነው፤ ያንን የሚያውቅ ሰው «ለጥናት ነው» ሲሉት ቢያመነታ ትክክል ነው። የቃል ፈቃድ በምስክር ፊት መውሰድ የሚቻልበት መንገድ በሥነ ምግባር ኮሚቴ ማመልከቻው ላይ አስቀድሞ ካልተጠየቀ በኋላ ማስተካከል አይቻልም። «ቆዳው ለአፈሩ የሚሳሳ ሰው አለ፤ ጫማ ያደረገ ግን ዘመዱ ቢታመምም አይታመምም» የሚለው አገላለጽ ከ«በዘር» ይልቅ እውነቱን ይይዛል፤ ውርሱን አይክድም፣ መፍትሔውንም አይቀብርም።

ስድስት ሊትር ውኃ

ሕክምናው ሲነገር ቀላል ይመስላል። እግር በሳሙናና በውኃ ይታጠባል፤ በረኪና በተበጠበጠበት ውኃ ይዘፈዘፋል፤ በጣቶች መሐል ጭምር በደንብ ይደርቃል፤ ቫዝሊን ይቀባል፤ እንደ ሁኔታው በፋሻ ይጠቀለላል፤ ሲቀመጡ ከፍ ይደረጋል፤ ካልሲና ጫማ ይከተላል። የበረኪናው መጠን በተለመደው አሠራር 5 በመቶ ጥንካሬ ካለው 15 ሚሊ ሊትር በ6 ሊትር ውኃ ነው፤ ውጤቱ 0.0125 በመቶ ገደማ ነው። ስህተቱ የሚመጣው በሁለት በኩል ነው። አንዱ በረኪናውን ማብዛት ነው፤ ጠንካራ ከሆነ ይበልጥ ያድናል የሚል እምነት አለ፤ የደረቀና የተሰነጠቀ ቆዳ ይበልጥ ይቃጠላል፣ ጀርም የሚገባበት ስንጥቅም ይሰፋል። ሌላው ጣቶቹን ሳያደርቁ ካልሲ ማጥለቅ ነው፤ እርጥበቱ ፈንገስ ያበቅላል።

በምሥራቅ ጎጃም ዞን በአነደድ ወረዳ የተደረገውና በ2018 የታተመው ሙከራ ይህን እንክብካቤ በ696 ሕሙማን ላይ ፈትኗል። 350ዎቹ ወዲያው፣ 346ቱ ከ12 ወር በኋላ እንክብካቤውን አገኙ። የንጽጽሩ ቡድን ጭራሽ እንዳይከለከል ሳይሆን እንዲዘገይ መደረጉ ራሱ የፍትሕ ውሳኔ ነው። የተለካው ትኩሳትና ከባድ ሕመም ያለው የእግር ማገርሸት ነበር፤ ሰውን ከሥራ የሚያውለው እሱ ነውና። ወዲያው የታከሙት በዓመት በአማካይ 19.4 ጊዜ፣ የዘገየላቸው 23.9 ጊዜ አገርሽቶባቸዋል። ቅነሳው እውነተኛ ነው፣ 19 በመቶ ያህል። ግን ቁጥሩን ገልብጡት፦ የታከመው ሰው እንኳ በየ19 ቀኑ ያገረሽበታል። ሕክምናው ይሠራል ብሎ ብቻ የሚዘግብ ሰው የውጤቱን ግማሽ ነው የነገረን። ለዓመታት ያበጠን እግር ማጠብ ያሳርፈዋል እንጂ እንደነበረ አይመልሰውም፤ ሥራው ያለው ደረጃ 1 ላይና ገና ባዶ እግሩን በሚሮጠው ልጅ ላይ ነው።

አሁን ውኃውን አስሉት። በቀን 6 ሊትር በዓመት 2,190 ሊትር ነው፤ በ20 ሊትር ጀሪካን 110 ጊዜ ያህል ወደ ምንጭ መመላለስ። የሚመላለሰው ማን ነው? እግሯ ያበጠች ሴት ወይም ከትምህርት ቤት የቀረች ልጇ። በ2017 የታተመ ሌላ የኢትዮጵያ ሙከራ ከዚህ አንጻር ሲታይ ነው ዋጋው የሚገባን። በመዘፍዘፊያው ውኃ ላይ 2 በመቶ ግሊሰሪን በመጨመር ውኃውን ከ6 ሊትር ወደ 1 ሊትር ማውረድ እንደሚቻል፣ ቆዳውም ከቀድሞው የተሻለ እርጥበት እንደሚይዝ አሳየ። 110 ጀሪካን ወደ 18 ወረደ። ይህ ጥናት «ፍትሕ» የሚል ቃል ርእሱ ላይ አልጻፈም፤ አላስፈለገውም።

ገንዘቡ ከየት

በዓለም የጤና ድርጅት የ2021 እስከ 2030 ፍኖተ ካርታ 20 የተዘነጉ የሐሩር ክልል በሽታዎች ግብ ተቀምጦላቸዋል፤ ፖዶኮኒዮሲስ የራሱ ግብ የለውም። ኢትዮጵያ ግን በብሔራዊ ዕቅዷ ውስጥ ቀድማ አካትታዋለች። በግንቦት 2025 የዓለም የጤና ጉባኤ የቆዳ በሽታዎች ዓለም አቀፍ የጤና ትኩረት እንዲሆኑ ውሳኔ አሳልፏል፤ ውሳኔ ግን ገንዘብ አይደለም። የአንዳንዶቹ ጥናቶች ወጪ በከፊል የተሸፈነው ከብሪታንያ የልማት ዕርዳታ ነው፤ ያቺ አገር ደግሞ በየካቲት 2025 ዕርዳታዋን እስከ 2027 ከጠቅላላ ብሔራዊ ገቢዋ 0.5 በመቶ ወደ 0.3 በመቶ እንደምታወርድ አስታውቃለች። በአዊ ዞን በጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳ የተሞከረው፣ ፖዶኮኒዮሲስን፣ ፊላሪያንና ሥጋ ደዌን ከሥነ ልቦና ድጋፍ ጋር በመደበኛው ጤና ጣቢያ አንድ ላይ የማከም አካሄድ ለዚህ ዘመን የተሻለ መልስ ይመስለናል። ለብቻው የቆመ ፕሮጀክት ሲዘጋ የእግር እጥበቱም ይዘጋል፤ በጤና ጣቢያው ዓመታዊ ግዢ ውስጥ የገባ በረኪና ግን በጀቱ እስካለ ይቀጥላል።

ለተማሪው የሚተርፈው ጥያቄ ያገኛቸው 118 ሕሙማን ዕጣ ነው። ለአንድ ሰው በቀን 15 ሚሊ ሊትር በረኪና በዓመት 5.5 ሊትር ያህል ነው፤ ለ118ቱ 650 ሊትር ገደማ። ለአንድ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ይህ ትልቅ ግዢ አይደለም፤ ነገር ግን ማንም አስቀድሞ ካላሰላው አይገዛም። የሥነ ምግባር ኮሚቴዎች ተማሪው እንዲገለብጠው የሚሰጡት የፈቃድ ቅጽ ላይ «በጥናቱ በመሳተፍዎ በቀጥታ የሚያገኙት ጥቅም የለም» የምትል ዓረፍተ ነገር አለች። በዝሆኔ ጥናት ይህች ዓረፍተ ነገር እውነት መሆን የለባትም። የአካባቢው ጤና ኬላ ሳሙና፣ በረኪናና ቫዝሊን እንዳለው፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም እግር ማጠብ ማስተማር እንደምትችል ከመጀመሪያው መጠይቅ በፊት ሄዶ ማየት የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ከሌለ ደግሞ የበጀት ሠንጠረዡ ላይ ከአበል በላይ የምትጻፍ አንዲት ረድፍ።